ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስገጃ



የፈተናው ሳምንት እንዳለቀ ሰባት ሆነን ወደ ፎረስት ፓርክ ወጣን። ሴንት ሉዊስ ስንማር ገሚሶቻችን ሦስት ዓመት ሞልቶናል፤ የከተማዋን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግን አንዳችንም ረግጠነው አናውቅም። ስንጠየቅ «ገንዘብ የለንም» እንል ነበር። ለካ መግቢያው ነጻ ኖሯል! የከተማዋና የካውንቲው ነዋሪ ከሚከፍለው የንብረት ግብር ድርሻ አለው፤ ለሁሉም ነጻ መሆኑም ሕንጻው ግንባር ላይ በድንጋይ ተቀርጿል።

ሙዚየሙ ለ1904ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ ነው። ኮረብታው አናት ላይ ሆኖ ከሥር ያለውን ሰው ሠራሽ ሐይቅ ቁልቁል ያያል። ደጁ ላይ ደግሞ በፈረስ የተቀመጠ፣ ሰይፍ የያዘ ንጉሥ ሐውልት አለ፤ ከተማዋ ስሟን የወሰደችው ከእርሱ ነው፦ የፈረንሳዩ ሉዊ ዘጠነኛ። ታሪክ የምታጠናው እህታችን አስቁማ ነገረችን። ይህ ንጉሥ የመስቀል ጦር መርቶ ግብፅ ዘምቷል፤ በ1250 ከመንሱራ ውጊያ በኋላ በሙስሊሞች እጅ ተማርኮ ገንዘብ ከፍሎ ተለቀቀ፤ በ1270 በሌላ ዘመቻ ቱኒስ ላይ ሞተ። በ2020 «ሐውልቱ ይነሣ» እና «አይነሣም» የሚሉ ሰልፈኞች እዚሁ ተፋጠው ነበር። ከእኛም አንዱ «እንመለስ» አለ። ሌላው «እርሱን ልናይ አልመጣንም» አለው። ትንሽ ተከራከርንና ገባን።

ውስጥ ብዙ ነገር አየን፤ የቆየነው ግን ምንጣፎቹ ዘንድ ነው። ጄምስ ባላርድ የሚባል የከተማዋ የመድኃኒት ነጋዴ ሰብስቦ በ1929 ለሙዚየሙ የሰጣቸው ናቸው። ከመካከላቸው ከአናቶሊያ የመጣ መስገጃ ነበር። መሐሉ ላይ ሚሕራብ ተሸምኖበታል። መሬት ላይ ቢሆን ወደ ቂብላ ያመለክት ነበር፤ አሁን ተሰቅሎ ወደ ጣሪያው ያመለክታል። ጠጋ ብለን ስናየው ሱፉ ታች በኩል ሳስቷል። ጉልበት ያረፈበት ይሆናል ብለን ገመትን።

የወሎው ወንድማችን አያቱን አነሣ። የሚሰግዱት የፍየል ቁርበት ላይ ነበር፤ ጸጉሩ የግንባራቸውና የጉልበታቸው ቦታ ላይ ብቻ ተመልጦ አልቋል። «የእኔ መስገጃ ግን ከቦርሳ አይወጣም፤ ዛሬም አዲስ ነው» አለ። ሳቅን። ወዲያው ግን ሳቃችን ቆመ፤ የሁላችንም እንደዚያው ነበርና። ካምፓስ ውስጥ ዐስርን ስንት ቀን «ሰው ያየናል» ብለን እስከ መግሪብ ጫፍ ጎትተነዋል? ከልካይ ኖሮ አይደለም። አፍረን ነው።

ዐስር ገብቶ ነበር። ዉዱእ አድርገን ወጣንና ኮረብታውን በግማሽ ወርደን ሣሩ ላይ ቆምን። ቂብላው ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ሐይቁ በግራ በኩል፣ ንጉሡና ፈረሱ ደግሞ ከኋላችን ሆኑ። ከመካከላችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዋ እህታችን ልቧ ፈርቶ «እናንተ ስገዱ፣ እኔ ዶርም ስደርስ» አለች። አልገፋናትም። ኢማማችን ሲያከብር ግን ዘወር ብላ እህቶች ጎን ገባች። ውሻቸውን ይዘው የሚመጡ አንድ አዛውንት መንገዳቸውን ለወጥ አድርገው በሩቁ አለፉልን። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ስንት ወር የፈራነው ይኸው ነበር።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምድር ሁሉ መስገጃ እንደተደረገችላቸው እንዳስተማሩን ከልጅነታችን ሰምተናል። ሰምተን ቁጭ ብለን ነበር። ያ መስገጃ ዛሬ የሚሰግድበት የለም፤ ያሳሱት ሰዎችም ወደ አላህ ሄደዋል፤ ስማቸውን ማንም አልጻፈው። ሥራቸውን ግን ጌታቸው ያውቀዋል።

መስገጃዎቻችንን ስናጥፍ የሣር እድፍ ይዘዋል። የወሎው ወንድማችን «አላጥበውም» ብሏል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንደገና እንሄዳለን። ሰኞ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜን መርጠናል። ኑ፤ መስገጃችሁንም ይዛችሁ ኑ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።