አያት የሚያስተምሩበት ሥዕል

አረቅጥ በብርዷ የምትታወቅ የጉመር ደጋ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ እንሰት የከበበው የሣር ክዳን ቤት ይታያል፤ መሐሉ ላይ ጣሪያውን የተሸከመ ምሰሶ ቆሟል። እዚህ ያደጉ አያት የትኛው እንጨት ለመሮ እንደሚመች፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ።

እኒሁ አያት በወልቂጤ በኩል ልጅ ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ብዙ ጊዜ ጥግ ይዘው የሚቀመጡ እንግዳ ይሆናሉ። ስልኩንም ቴሌቪዥኑንም የሚያስረዳቸው የልጅ ልጅ ነው። ተራው የሚገለበጠው በእንጨት ቅርጽ የታተመ ሥዕል ፊት ሲቆሙ ነው።

ሠዓሊው ሳንቃ ላይ ይነድፋል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልገውን በመሮ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ከፍ ብሎ በቀረው ላይ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ሥዕሉ ተገልብጦ ስለሚወጣ ፊደልም ሲቀረጽ ተገልብጦ ነው። አንዴ የተፈለፈለ እንጨት አይመለስም።

ይህ ጥበብ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የቆየ ዝምድና አለው። አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 ሮም ላይ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሲያሳትሙ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ገብተውበታል። በቅርቡ ዘመንም፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ጎልደን ኮከሬል የተባለው የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት አራቱን ወንጌላት በእንጨት ቅርጽ አስጊጦ 500 ቅጂ ብቻ አትሟል።

በአገራችን ጥበቡ በዘመናዊ መልኩ የተስፋፋው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። የክርስቶስን የመስቀል መንገድ በእንጨት የቀረጹት ጀርመናዊው ሀንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እዚያ አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዕውቁ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ሲከፈት አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይሂዱ። ልጁ የሥዕሉን ታሪክ ይጠይቅ፤ አያት መሮው የት እንደጠለቀ፣ እንጨቱ የት እንዳስቸገረ ያሳዩት።

ቤት ሲመለሱ ደግሞ ድንች ለሁለት ይክፈሉ። ቢላዋውን አዋቂ ይዞ በገጹ ላይ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይቅረጽ፤ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይታተም። ፊደሉ ተገልብጦ ሲወጣ ልጁ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ለአያት ይተዉላቸው።