ካትማንዱ ላይ ያበላሸሁት ምስር

ምስሩን በጭልፋ ጨለፍኩ፣ እፍ እፍ ብዬ ቀመስኩት። ጨው ያንሰዋል። ጭልፋውን መልሼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩና ማማሰሌን ቀጠልኩ። ቀና ስል የቤቱ ምራት የምትልጠውን ድንች በእጇ እንደያዘች ዓይኗን ጭልፋው ላይ ተክላ ቆማለች። ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም። ማጥፋቴን ግን ፊቷ ነገረኝ።

ወደ ኔፓል የሄድኩት ምግብ ልማር ብዬ አልነበረም። የምሠራበት ድርጅት ለአንድ ሳምንት የማርኬቲንግ ሥልጠና ልኮኝ ነው። የበረርኩት በዶሃ በኩል ነበር። ከዶሃ ወደ ካትማንዱ የሚሄደውን አውሮፕላን የሞሉት ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥራ የሚመለሱ ወጣት ወንዶች ነበሩ። ብርድ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው የያዙ፣ ለልጆቻቸው አሻንጉሊት ያቀፉ፣ ፎርም መሙላት ቸግሯቸው ጎረቤታቸውን የሚለምኑ። ከቤሩት ወይም ከሪያድ ከሚመለሱ እህቶቻችን ጋር በአንድ አውሮፕላን ቦሌ ያረፈ ሰው ይህን መልክ ያውቀዋል።

አገሩ በብዙ ነገር ያስደንቃል። ሰዓታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማል፤ ያቺ 45 ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ ስታምታታኝ ከረመች። እኛ ከአውሮፓውያኑ ዘመን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስንቆጥር እነሱ ደግሞ 57 ዓመት ገደማ ወደ ፊት ይቆጥራሉ። የሳምንቱ የዕረፍት ቀናቸው ቅዳሜ ነው። እንደ እኛ በቅኝ ግዛት ሥር ያልወደቁ መሆናቸውን ባገኙት አጋጣሚ ሁሉ ይናገራሉ።

ቱሪስት በሚበዛበት ታሜል በተባለው ሰፈር በየደረጃው ሥር የምግብ ትምህርት ማስታወቂያ ተለጥፏል። «እውነተኛ የኔፓል የቤት ምግብ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ» ይላል አንዱ። እንጀራዬ ማስታወቂያ ስለሆነ «የቤት» የምትለው ቃል ስንት እንደምትሸጥ አውቃለሁ፤ እኔም ሸጬባታለሁ። አብራኝ የምትሠለጥን የአገሬው ልጅ ማስታወቂያውን ቆሜ ሳነብ አይታ ሳቀች። «ለዚህማ ምን አስከፈለሽ? ቅዳሜ እናቴ ቤት ነይ» አለችኝ።

ቤታቸው ያለው ከካትማንዱ ባግማቲ ወንዝን ተሻግሮ፣ ላሊትፑር ውስጥ ነው። ብዙዎች ከተማዋን ፓታን በሚለው የቆየ ስሟ ይጠሯታል። በጠዋት በቤተ መንግሥቱ አደባባይ በኩል አለፍን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከድንጋይ የተሠራው የክሪሽና ቤተ መቅደስ ቆሟል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር 9 ሺህ ገደማ ሰው የጨረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ከአጠገቡ ያሉትን አንዳንዶቹን ጥሏቸው ነበር። እንጨት ጠራቢዎች የወደቀውን ምሰሶ ቅርጽ እያዩ አዲሱን ሲፈለፍሉ አይተን አለፍን።

ኩሽናው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ዕቃ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ምን ዓይነት አሠራር ነው ያሰኛል። ጓደኛዬ እንዳስረዳችኝ ግን ምክንያት አለው። በብዙ የሂንዱ ቤተሰቦች ኩሽና ንጹሕ ቦታ ነው፤ ጫማ አይገባበትም፣ መንገደኛም አያልፍበትም። በቤታቸው የጸሎት ጥጉም እዚያው አጠገብ ነው። አራት ትውልድ ያለበት ቤት ነው፦ አያት፣ እናት፣ የወንድሟ ሚስት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን። ወንድሟ ኳታር ነው ያለው።

እናትየውን «አማ» ብዬ ጠራኋቸው፤ እናቴ ማለት ነው። ምራቲቱን ደግሞ «ዲዲ» አልኳት፣ ታላቅ እህት ለማለት፤ እሷም «ባሂኒ» ብላ ታናሽ እህት አደረገችኝ። እዚያ አገር ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም፤ እኛ ጋ እትዬና ጋሼ እንደምንለው ነው። ሰላምታቸውም ብዙ ጊዜ «ምግብ በልተሃል ወይ?» የሚል ነው።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ቅቤም ወተትም እንደማልቀምስ አስቀድሜ ተናገርኩ። ማስቸገሬ ነው ብዬ ተሸማቅቄ ነበር። አያትየው ግን ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁ። 55 ቀን ሲባሉ እጃቸውን አገናኝተው ግንባራቸው ላይ አደረጉ። እሳቸውም ጨረቃ በታየች በየ11ኛው ቀን እህል አይቀምሱም።

ትምህርቱ ተጀመረ። የምናበስለው ዳል ባት ታርካሪ ነው። ዳል የምስር ወጥ፣ ባት የተቀቀለ ሩዝ፣ ታርካሪ አትክልት ማለት ነው፤ ከጎኑ አቻር የሚባል ማባያ ይጨመራል። ብዙ ኔፓላዊ ይህን በቀን ሁለቴ ይበላል፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማና ማታ። ለሩዝ ሦስት ስም አላቸው፦ ማሳው ላይ ያለው ዳን፣ ተፈልፍሎ በጥሬው ያለው ቻማል፣ የበሰለው ባት። እኛም ጤፍን ሊጥ፣ ከዚያ እንጀራ እንደምንለው መሆኑ ነው። የውሃውን ልክ በጣታቸው አንጓ ለኩ። ቀዩን ምስር «ሙሱሮ» ብለው ሲጠሩት ጆሮዬ «ምስር» ብሎ ሰማው።

ልዩነቱ ወጡ ላይ ነው። እኛ ሽንኩርቱን አቁላልተን ምስሩን በኋላ እንጨምራለን። እነሱ በተቃራኒው ምስሩን በእርድና በጨው ብቻ ያበስሉና ቅመሙን በመጨረሻ በጋለ ዘይት አስጩኸው ይደፉበታል። በትኩስ ዘይት የሚሠራ መከለሻ በሉት። በዚያ ዘይት ውስጥ ከሙን፣ ደረቅ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጂምቡ የሚሉት ከሙስታንግ ተራሮች የሚመጣ የደረቀ ቅጠል ይገባል። ጂምቡ ከሽንኩርት ቤተሰብ ነው፤ ዘይት ሲነካው ቤቱን በሙሉ ያውዳል። የአቻሩ ቲማቲም ላይ የሚፈሰው ዘይት ውስጥ ግን አብሽ ነው ያለው፤ እስኪጠቁር ይጠበሳል። እናቴ አብሽ ስታሳርር ብታየኝ በማማሰያው ታቀምሰኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው አማና ጓደኛዬ ሰገነት ላይ የተሰጣ ጉንድሩክ ሊያመጡ የወጡት። ጉንድሩክ ጠውልጎ፣ ታሽጎ ከኮመጠጠ በኋላ ፀሐይ ላይ የደረቀ የጎመን ቅጠል ነው። እኔና ዲዲ ብቻችንን ቀረን። እኔም ቀመስኩ።

ዲዲ ምንም አልተናገረችኝም። ድስቱን በዝግታ ከእሳቱ አውርዳ ጥግ አስቀመጠችው። ሌላ ድስት አወጣች፣ ሌላ ምስር አጠበች። አማ ተመልሰው «ይኼ ሁለተኛው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋት ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ አጭር መልስ ሰጠች። ጓደኛዬ «የመጀመሪያው አርሮብኛል አለች» ብላ ተረጎመችልኝ። አማ ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። ሰባት ዓመት በዚያ ቤት ያበሰለች ሴት ምስር አሳረረች ተባለች።

ምስሩ እንዳላረረ አውቃለሁ። ያረረ ነገር አይሸትም። ዝም ብል ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም፤ እንግዳ ነኝ። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልናገር፦ ዝም ልበል ብዬ ነበር። ሰው ቤት ሄጄ ማፈር አልፈለግኩም። ግን ምራት ሆና የሌላ ሰው ጥፋት ስትሸከም የኖረች አክስት አለችኝ፤ ያ አንገት መድፋት አዲስ አልሆነብኝም። ለጓደኛዬ «አላረረም። እኔ በጭልፋው ቀምሼ መልሼ ከትቼው ነው። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ንገሪኝ፣ ይቅርታም በይልኝ» አልኳት።

«ጁቶ» አለችኝ። አፍ የነካው፣ ወይም አፍ በነካው ዕቃ የተነካ ምግብ ጁቶ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። በቤታቸው መጀመሪያ ለአምላካቸው ሳይቀርብ ማንም አይቀምስም። አያትየው ሳያውቁ በልተውት ቢሆን ኖሮ በእሳቸው እምነት ቀላል ነገር አልነበረም። «ታዲያ ሳትቀምሱ የጨውን ልክ በምን ታውቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። አማ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ ቀጥሎ አፍንጫቸውን ነካ አደረጉ። እጅ ይለካል፣ አፍንጫ ያጣራል።

አልተቆጡም። ነገሩ ቀላል እንደሆነ ለማስመሰልም አልሞከሩም። ለምራታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ጓደኛዬም አልተረጎመችልኝም። ዲዲ ግን ቀና አለች።

ሁለተኛው ምስር ሲበስል ጉንድሩኩን ከዲንዶ ጋር እናቅምሳት አሉ። አማ አንድ ከረጢት ፈተው ቀላ ያለ ዱቄት አወጡ። በጣቴ አሸሁት፣ አሸተትኩት። ዳጉሳ ነው! እነሱ ኮዶ ይሉታል። የጎጃም አያቴ እንጀራውንም ጠላውንም የምትሠራበት እህል፣ በሂማላያ ሥር። የዘርፉ አጥኚዎች ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች እንደሆነና ከሺህ ዓመታት በፊት ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር እንደተሻገረ ይናገራሉ። አማ ይህን ሲሰሙ ዱቄቱን አይተው እኔን አዩ። «እንግዲያው ዘመዳችን ነሽ» አሉ።

ዲንዶ በፈላ ውሃ ላይ ዱቄት እየተጨመረ በእንጨት ማማሰያ የሚገነፋ ነው፤ ገንፎ ያገነፋ ክንድ ሥራውን ያውቀዋል። እዚህ ላይ ብቻ ተማሪነቴ ቀረና ማማሰያውን ተቀበልኩ። ዲንዶ ለረጅም ጊዜ ሩዝ ያጣ ሰው ምግብ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ አሁን ግን በካትማንዱ ጥሩ ጥሩ ምግብ ቤቶች ለጤና ተፈልጎ ይሸጣል። አዲስ አበባም በሶና የገብስ ቂጣ እንዲህ ሲመለሱ እያየን ነው።

ምሳ ቀረበ። ለየአንዳንዱ የራሱ ሳህን፣ በቀኝ እጅ። አያትየው ከአዲሱ ድስት በሉ። የመጀመሪያው ድስት ለእኔ ሆነ። ከዚያ ጓደኛዬ ሳህኗን ዘርግታ «እኔ ዘመናዊ ነኝ» ብላ ከእኔ ምስር ጨለፈች፤ አማ በዓይናቸው ገሰጿት፣ ግን ሳቁ። ዲዲ ሁላችንም ሳንጨርስ አልተቀመጠችም። እናቶቻችንን አስታወሰችኝ።

ስለ ጉርሻ ነገርኳቸው። በአገሬ አንድ ትሪ ከበን እንደምንበላ፣ የምንወደውን ሰው በእጃችን እንደምናጎርስ። ዝም አሉ። ምን ነካኝ ብዬ ሳስብ አያትየው «ሕፃንን ነው?» ብለው አስጠየቁ። አይ፣ ትልቅ ሰውንም፣ እንግዳንም፣ ሙሽራንም አልኩ። አሰቡበትና «እኛም አለን፣ ፓስኒ ላይ» አሉ። ፓስኒ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል የሚቀምስበት ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴት በ5፣ ወንድ በ6 ወሩ። ዘመድ ሁሉ በየተራ ያጎርሰዋል።

ዲዲ ስልኳን አውጥታ የልጇን ፓስኒ አሳየችኝ። ሕፃኗ ቀይ ለብሳ፣ ግንባሯ ተቀብታ፣ አያቷ እያጎረሷት። ከጥጉ ላይ አንድ ሌላ ስልክ በብርጭቆ ተደግፎ ቆሟል፤ በውስጡ የሥራ ቆብ ያደረገ ሰው ፊት ይታያል። አባቷ ነው። የልጁን የመጀመሪያ ጉርሻ ከዶሃ በስልክ ነው ያየው። ልጁን በእጁ አቅፏት አያውቅም። ዲዲ በቪዲዮው ላይ ያለውን የልጇን አፍ በጣቷ ነካ አደረገችው። ከዚያ ስልኩን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችና ሳህን ልታነሳ ተነሣች። እኔም ተነሥቼ አብሬያት አጠብኩ።

ስሸኝ አማ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጂምቡ ሰጡኝ። ዲዲ ደግሞ በር ላይ፣ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ፣ «ባሂኒ፣ ቀጥሎ ስትመጪ ጨዉን በአፍንጫሽ» አለችኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ዳል ባቱን ለቤተሰቤ ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። ሳልቀምስ። ሁለቴ ጨው አንሶታል።

ለቤትዎ፦ ዳልና የቲማቲም አቻር (ለ4 ሰው፣ የጾም)

ዳል፦ 1 ብርጭቆ ቀይ ምስር ክክ ታጥቦ በ4 ብርጭቆ ውሃ፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድና በጨው እስኪሟሟ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቀል። ከወጥ ቀጠን፣ ከሾርባ ወፈር ይበል። በሌላ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግለው 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን፣ 2 ደረቅ በርበሬ፣ 3 ፍንካች የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይጨምሩ። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን ምስሩ ላይ ገልብጠው ወዲያው ይክደኑት።

አቻር፦ 4 ቲማቲምና 2 ቃሪያ እሳት ላይ ልጣጫቸው እስኪጠቁር ጠብሰው ይላጡ፤ ከ2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከድምብላል ቅጠል ጋር ይውቀጡ። በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ አብሽ እስኪጠቁር ጠብሰው ያፍስሱበት። እነሱ ቲሙር የሚባል አፍ የሚያደነዝዝ ቅመም ይጨምሩበታል፤ ካላገኙ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት።

ከሩዝ ጋር፣ በእጅ ይብሉት።