የዓይን ቆብ ሲገለበጥ

ቋንቋችን ስለ ዓይን ሲናገር ለጋስ ነው። የሰውን ጠባይ ዓይነ አፋር፣ ዓይን አውጣ፣ ዓይነ ደረቅ እያለ ይለያል፤ ያልወደደውን እንግዳ «የዓይኑ ውሃ አላማረኝም» ይላል፤ የሚሳሳለትን «የዓይኔ ብሌን» ብሎ ይጠራል። ዓይን በታመመ ጊዜ ግን ልግስናው ያልቃል። ማዝ፣ ሞራ፣ ዓይናር ከተባለ በኋላ የቀረው ሁሉ ምች ነው፣ ጢስ ነው፣ የሰው ዓይን ነው።

የቃሉ ማነስ ምን እንደሚያስከፍል በአዊ ዞን፣ በዳንግላ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ነርስ ያውቀዋል። ስለ ዓይን ምርመራ ካለው ዕውቀት የሚበዛውን ያገኘው ከትምህርታዊ ፊልሞች ነው፤ ይኸውም በእጅ ስልኩ ከያዛቸውና ማታ ማታ ደጋግሞ ከሚመለከታቸው አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎች። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ታማሚው ከሠንጠረዡ 6 ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እግሮቹ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የዞሩትን የላቲን «ኢ» በእጁ እያመለከተ ይመረመራል። ብርሃን ሲያርፍበት ብሌኑ ይጠባል፤ ሞራ የጋረደው ዓይን ግን ከውስጥ ሊመልሰው የሚገባውን ቀይ ነጸብራቅ አይመልስም። ሕመም ሳያሰማ ዕይታን ከዳር ወደ መሐል የሚበላው ግላኮማም እዚያው ይታያል።

መምህራን አንባብያን ፕላዝማውን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የሳተላይት ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ተማሪው ገባውም አልገባውም መስኮቱ ይቀጥላል፣ መምህሩም ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እንደ ዘበኛ ይቆማል። የነርሱ ፊልም በዚህ ይሻላል፤ ሲሉት ይቆማል፣ ሲሉት ወደ ኋላ ይመለሳል። በቋንቋው ረገድ ግን ከፕላዝማው አልራቀም።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ አገሪቱ የተካሄደው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህም ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነበር። ትራኮማን ለመለየት የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየት ግድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቀላል የደረጃ አሰጣጥ እንደሚለው፣ በተገለበጠው ቆብ መካከለኛ ክፍል ላይ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ወይም ከዚያ በላይ እባጮች ከታዩ ሕፃኑ ታማሚ ተብሎ ይመዘገባል። አራት ከሆኑ አይመዘገብም። በአንድ ወረዳ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 10 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ከተገኙ የወረዳው ሕዝብ በሙሉ ለተከታታይ ዓመታት አዚትሮማይሲን እንዲታደለው ይወሰናል፤ ቁጥሩ ከ5 ከመቶ በታች ሲወርድ እደላው ይቆማል። የመርማሪው ዓይን አራቱን አምስት ወይም አምስቱን አራት አድርጎ ማየት ከለመደ፣ ስሕተቱ በአንድ ሕፃን ላይ ብቻ አይቀርም ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2012 እስከ 2016 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የትራኮማ ካርታ ሥራ መርማሪዎች በፎቶግራፍ ከተፈተኑ በኋላ 50 ሕፃናትን መርምረው ውጤታቸው ከአሠልጣኛቸው ውጤት ጋር እንዲመሳከር የተደረገውም ለዚሁ ነው። ሥዕሉን ማወቅ ብቻውን አልበቃም።

ነርሱም ይህን በሥራው ላይ አየው። በፊልሙ ውስጥ ቆቡ በአንድ ለስላሳ እንቅስቃሴ ይገለበጣል፤ ብርሃኑ የተስተካከለ፣ ሕፃኑም ዝም ያለ ነው። በዳንግላ ዙሪያ ባለ ቀበሌ ግን ሕፃኑ በእናቱ ጉልበቶች መካከል ተይዞ ይጮሃል፤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ቆቡ ከጣት ያመልጣል፤ ፀሐይዋም ደመና ውስጥ ትገባለች። የሽፋሽፍቱን ሥር በምን ያህል ኃይል መያዝ እንደሚገባ፣ ሕፃኑ ወደ ታች እንዲመለከት ምን ብሎ ማባበል እንደሚያሻ፣ ይህን ሁሉ የሚያስተምረው ሕፃኑ ራሱ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ እጅን በአልኮል ማጽዳትን ግን ፊልሙ በሚገባ አስተምሮታል፤ ይህን ሳያደርግ አልፎ አያውቅም።

አንድ ቀን ከእንጅባራ በኩል አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። አገራቸው የዲከረንስ ዛፍ ተተክሎ ከሰል የሚከሰልበት ነውና የዓይናቸውን ሕመም በጢስ አሳበቡ። በአንገታቸው ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ተንጠልጥሏል። ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን ፀጉር ለዓመታት በዳሰሳ እየነቀሉ ኖረዋል፤ የሚነቅሉትን ግን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም። ነርሱ በፊልሙ ላይ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር የሚታይበትን ቦታ አቁሞ፣ ምስሉን አጉልቶ አቀረበላቸው። ስልኩን በተሻለው ዓይናቸው አጠገብ ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ የሚወጋኝ ይኼ ነው?»

«አዎን እናቴ፣ ይኼው ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው የአማርኛ አቅማቸው አነስተኛ ነበርና ልጅቱ በአዊኛ ታስረዳቸው ጀመር። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ነርሱ በአማርኛ ይመልሳል፤ ልጅቱ በአዊኛ ታቀብላለች። አዊኛ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊደል የሚቆጠርበት ቋንቋ ከሆነ ቆይቷል፤ ድምፅ የሚያውሱ መምህራንም፣ የሚሥሉና የሚተውኑ ከያንያንም አይጠፉበትም። ነርሱ በስልኩ ከሰበሰባቸው ፊልሞች መካከል ግን ለአሮጊቷ የተሠራ አንድም የለም። ሁሉም የተሠሩት ለሐኪም ነው፤ ዓይኑ የሚታየው ሰው በፊልሙ ውስጥ አይናገርም።

አሮጊቷ ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብለው ነበር። የጎረቤታቸው ፀጉር ከተሠራ በኋላ ተመልሶ መቀልበሱን አይተዋል። ነርሱ ይህን አላስተባበለም። በአጎራባቹ ምዕራብ ጎጃም 1,000 ታማሚዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎችን አነጻጽሯል፤ ቆቡ ሙሉ በሙሉ በሚቆረጥበት ዘዴ በአንድ ዓመት ውስጥ በ22 ከመቶው፣ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆረጥበት በ13 ከመቶው ላይ ተመልሷል። ከመቶ ሰው ስንቱ እንደሚመለስበት፣ ስንቱ እንደሚድን በጣቱ እየቆጠረ ነገራቸው። ካልተሠራ ግን ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ብርሃኑን እንደሚወስደው ጨመረላቸው።

ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩት። የመጨረሻዋ ክር ትታሰራለች፣ ዓይኑ በፋሻ ይሸፈናል፣ ምስሉም ያበቃል። አሮጊቷ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ልጅቱ ወደ ነርሱ ሳትዞር መለሰችላቸው።

«ምን አሉ?» አለ ነርሱ።

«ፋሻው በማግሥቱ ይነሣል ብለሃል፤ ክሩ ግን እስኪወጣ ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ እሳት ዳር ማን ይቀመጣል ነው የምትለው። እኔ አለሁ አልኳት።»