የክት ጫማ

በአገራችን ሰው የሚለብሰውን «የክት» እና «የዘወትር» ብሎ ይለያል። የክት የሚባለው በሣጥን ተቀምጦ በዓል ሲደርስ ብቻ የሚወጣው ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም የክት ነገር ክብሩ በቀኑ መሆኑን ያስረዳል። የክት ልማድን ደስታም ሆነ ችግር አጉልቶ የሚያሳይ ግን እንደ ልጆች ጫማ ያለ የለም።

እኔ ባደግሁበት በዓባይ ማዶ፣ የሴት ልጅ የክት ጫማ ማለት በእግር ጀርባ ላይ የሚያልፍ ቀጭን ማሰሪያና የሚያብረቀርቅ ትንሽ ዘለበት ያለው የቆዳ ጫማ ነበር። ለታናሽ እኅቴ እንዲህ ያለው ጫማ የተገዛላት ለጥምቀት ነው። እናታችን ለዓመታት እንዲያገለግል በማሰብ ከልኳ የሚሰፋውን መረጠች፤ ጫፉንም በጥጥ ሞላችው።

በ2016 ዓ.ም. አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከመመረቁ አስቀድሞ ወደ መኻል ባሕር ዳር የምንሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነበር። በጊዮርጊስ በዓል እኅቴ እስከ ድልድዩ ያለውን አቧራማ መንገድ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ትሄዳለች። ድልድዩን እንደ ተሻገርን እናታችን እግሯን አብሳ ጫማውን ታጠልቅላታለች፤ ዘለበቱን ግን «እኔው ራሴ ካልቈለፍኩ» ብላ ትሟገታለች። ከዚያም ዓይኗን ከእግሯ ሳትነቅል ትራመዳለች። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ደግሞ በሥርዓቱ መሠረት ጫማ ወልቆ ይገባል። ስለዚህ ያ ሁሉ የተደከመለት ጫማ የሚደረገው ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቻ ነበር።

እግር ግን በዓልን አይጠብቅም። በሦስተኛው ዓመት ጥጡ ወጥቶ፣ ዘለበቱም ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ተሻግሮ፣ ጫማው ሳያረጅ ጠበበ። በዚህ ጊዜ ጫማ ላልነበራት ለጎረቤታችን ልጅ ተሰጠ። እርስዋም በዓል ሳትጠብቅ በየዕለቱ ትምህርት ቤት ትሄድበት ጀመር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ማሰሪያው ተበጠሰ። እናታችን ይህን ስታይ «አሁን ገና ሥራውን ሠራ» አለች።

ይህ አባባል እውነትነት አለው። በጎጃም ደጋማ ቦታዎች በሚገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ እግርን በሚያሳብጠውና በተለምዶ ዝሆኔ በሚባለው በሽታ ሊያዝ ይችላል። በሽታው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ዘልቀው ሲገቡ ነው። መከላከያውም እግርን መታጠብና ከሕፃንነት ጀምሮ ሳያቋርጡ ጫማ ማድረግ ነው። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ከሣጥን የሚወጣ ጫማ ከዚህ በሽታ አያድንም።

የክት ጫማ ለሕፃን ልብ የሚሰጠው ደስታ የሚናቅ አይደለም። እኅቴ ዛሬም ያንን ዘለበት ታስታውሰዋለች። ነገር ግን አንድ ጫማ ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ወላጅ፣ የሚያብረቀርቀውን ከመምረጡ በፊት ልጁ ሰኞ ጧት ምን ተጫምቶ ከቤት እንደሚወጣ ሊያስብ ይገባዋል።