በሁለት መንበር መካከል

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተዳፋት ላይ፣ የጽድ ደን የከበበው አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። በዚህ ዋሻ ውስጥ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ፀሐይ ሳያከስመው፣ ዝናብ ሳያጥበው ስምንት መቶ ዓመታት ያህል አልፎታል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈለፈሉ፤ ይህ ግን ተገነባ። አንዱ ረድፍ እንጨት፣ አንዱ ረድፍ በነጭ ልስን የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ሲወጣ፣ የአክሱም ግንበኞች ጥበብ ከከተማቸው መዳከም በኋላም እንዳልሞተ ይመሰክራል።

ያሠራው ንጉሥ ስሙ ራሱ ጸሎት ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ሕዝብን ሊመራ የተቀመጠ ሰው በተጠራ ቁጥር፣ መሪ እንደሚያሻው ሁሉም ይሰማል። ከዛጉዬ ነገሥታት መካከል ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ብላ የምታስባቸው አራት ሲሆኑ፣ እርሱ ከላሊበላ የሚቀድም ነው። ገድሉ ንጉሥም ካህንም እንደ ነበር፣ ሲቀድስም ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ይናገራል። ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን እጅግ ዘግይቶ ነውና፣ አንባቢ ተአምሩን እንደ እምነቱ ይቀበለው። ክህነቱ ግን ሌላ ምስክር አለው።

በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በግብፅ በዐረብኛ የተጻፈ፣ ቀድሞ የአርመናዊው አቡ ሳሊህ ድርሰት ነው ሲባል የኖረ መጽሐፍ፣ የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ካህናት እንደ ሆኑና በመቅደስ ውስጥ እንደሚቀድሱ ይገልጻል። አንድ ገደብ ግን ያኖራል፤ ንጉሡ በገዛ እጁ ሰው ከገደለ ከዚያ በኋላ ሊቀድስ አይችልም። አማርኛ ለዙፋኑም ለታቦቱ ማረፊያም «መንበር» የሚል አንድ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ይታወሳል። ሰይፍ የጨበጠ እጅ በአንዱ መንበር ሊቀመጥ ይችላል፤ ወደ ሁለተኛው ግን መቅረብ አይፈቀድለትም። በእርግጥ «በገዛ እጁ» የሚለው ቃል ጠባብ ነው። ንጉሥ የሚያዘው ጭፍራ ሞልቶታል፤ ሌላው ቢገድልለት ሕጉ አልተነካም ማለት ነውን? መጽሐፉ ዝም ይላል። ቢሆንም ገደቡ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከንጉሡ በላይ ንጉሥ አለ ማለት በዚያ ዘመን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥርዓት ይገለጥ ነበርና።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ዋሻ ጎብኝቷል። ስለ ንጉሡ የጻፈው ከተአምሩ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ከገባሩ ግብር አልተቀበለም፣ ያመጡለትንም ለድሆች እንዲታደል ያዝ ነበር፣ ራሱም የኖረው በሚያሳርሰው እርሻ ነው ይላል። ያሳርስ ነበር እንጂ ያርስ ነበር አለመባሉን ልብ ይሏል፤ የማን በሬ፣ የማን ጉልበት እንደ ነበር አልተነገረም። የሆነ ሆኖ፣ ግብር የገባሩን ጎተራ ሲያራቁት በኖረበት አገር፣ ሕዝቡ ለጻድቅ ንጉሥ የመረጠለት ምልክት ግብር አለመቀበል መሆኑ ስለ ንጉሡም ስለ ሕዝቡም ብዙ ይናገራል። ለእግዚአብሔር የታዘዘ ንጉሥ ምን ይመስላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ የላስታ ሰው መልሱን የሚፈልገው በዘውዱ ላይ አይደለም፤ በጎተራው ውስጥ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ በዋሻው ጥልቀት ውስጥ፣ የብዙ ሰዎች አፅም በክምር ይታያል። ከሩቅ አገር መጥተው በዚያው የቀሩ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በተከፈኑበት ሰሌን ተጠቅልለው ይገኛሉ። ስማቸው በየትኛውም ገድል አልተጻፈም። ጥቅምት 19 ቀን የንጉሡ መታሰቢያ ሲከበር፣ ነጭ ጋቢ የለበሰው ገበሬ ሽቅብ ወጥቶ መድረኩን ይሳለማል፤ ከዚያም በግንቡ ጥግ ዞሮ በእነዚያ ሰዎች ፊት ጥቂት ቆሞ፣ ዱላውን አንሥቶ ወደ ገብሱ ይመለሳል።