የሌላ ሰው ደም

ነሐሴ 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የደወለችው የወንድሜ ባለቤት ነበረች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

“ደም ሊሰጡት ነው። በሽታው ይዞት ከዳነ ሰው የተወሰደ ነው አሉኝ። ፈርሚ ይሉኛል። አንተ ታነባለህ፤ ምን ልበላቸው?”

ታላቅ ወንድሜ በኮሮና ታሞ ሆስፒታል ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ለአሥራ ስድስት ዓመት በሰው አገር ታክሲ የነዳ፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ክፍያ እየቆረሰ የላከልኝ ሰው ነው። እኔም “ታነባለህ” መባሌ ልቤን ሳያሳብጠው አልቀረም። በዚያው ዕለት ጠዋት ዜና ሰምቼ ነበርና። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ስቴፈን ሃን በፕሬዚዳንቱ መግለጫ ላይ ቆመው፣ መረጃው በዚሁ ከቀጠለ ከ100 ሕሙማን 35ቱን ይህ ሕክምና ያተርፋቸዋል ብለው ነበር። ከ100 ሰው 35! ማን እምቢ ይላል?

“ይስጡት። ፈርሚ” አልኳት። ለመወሰን ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ!

ወንድሜ በአምስተኛው ቀን አረፈ። አስከሬኑም እዚያው ተቀበረ። እኛ ቤት ድንኳን አልተጣለም፤ ጊዜው ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅስበት አልነበረም። ጥቂት ጎረቤቶች አፋቸውን ሸፍነው ከበራፍ ላይ ቆመው አጽናኑን። ሰው ሁሉ ሲሄድ እናቴ ቀና ብላ አየችኝና “የማን እንደሆነ ያልታወቀ ደም ልጄ ላይ አፈሰሱበት። አንተ ነህ አሉ፣ ይሁን ያልካቸው?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት ለእናቴ የምመልሰው ፍለጋ ነው።

በመጀመሪያ ወንድሜ የተሰጠው ሙሉ ደም አልነበረም። ቀዩ የደም ክፍል ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ፣ ፕላዝማ የሚባለው ነው። ከበሽታ የዳነ ሰው ፕላዝማ ውስጥ ሰውነቱ ተሐዋሲውን የተዋጋባቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይገኛሉ። ሐሳቡ ይህን የተዘጋጀ ጦር ገና ላልተዘጋጀው ማዋስ ነው። አዲስም አይደለም። በ1890 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ በእንስሳት ላይ ሞክረውት ውጤቱን አሳይተዋል። ቤሪንግ የልጆችን ጉሮሮ እየዘጋ ይገድል በነበረው በዲፍቴሪያ ላይ ለሠራው ሥራ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ዘመንም በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ከዳኑት እየወሰዱ ለታመሙት ሰጥተዋል። በአርጀንቲና ደግሞ ደም የሚያፈስስ አንድ ገዳይ ትኩሳት አለ። ዶክተር ማይዝቴጊና ባልደረቦቻቸው በ1979 እንዳሳተሙት፣ ተራ ፕላዝማ ከተሰጣቸው ሕሙማን ከ100 ከ16 በላይ ሲሞቱ፣ ከዳኑ ሰዎች የተወሰደው ከተሰጣቸው ግን የሞተው አንድ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ከተረፉት አንዳንዶቹን ቆይቶ የነርቭ መታወክ አገኛቸው። ማዳንና መጉዳት በአንድ ከረጢት ሊመጡ ይችላሉ ማለት ነው።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። የሌላ ሰው ፕላዝማ ይገድላል ወይ? አዎን፣ አልፎ አልፎ። ሐኪሞች ከሚፈሯቸው ነገሮች አንዱ ፈሳሹ በዝቶ የደከመ ልብ መሸከም ሲያቅተውና ውኃው ሳንባ ላይ ሲተኛ ነው። ሁለተኛው በለጋሹ ፕላዝማ ውስጥ ያሉ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት የተቀባዩን ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያስቆጡና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሳንባው ሲጎዳ ነው። እነዚህ አካላት በብዛት የሚገኙት ባረገዙ ሴቶች ደም ውስጥ ስለሆነ፣ በብዙ አገር ፕላዝማ የሚወሰደው ከወንዶች ወይም ተመርምረው ነፃ ከሆኑ ሴቶች ነው። ከዚህ ሌላ ብርቱ አለርጂ አለ፤ የደም ዓይነት መሳሳትም አለ። በደም የሚተላለፉት ኤችአይቪና የጉበት ቫይረሶችም አሉ፤ እነዚህን ግን ምርመራው በእጅጉ አርቋቸዋል።

ቁጥሩስ? በ2020 አሜሪካ ውስጥ ፕላዝማ የወሰዱ የመጀመሪያዎቹ 5,000 ሕሙማን ተቆጥረዋል። በአራት ሰዓት ውስጥ ከባድ ችግር የተመዘገበው 36 ጊዜ፣ ማለትም ከመቶ ከአንድ በታች ነው። በእነዚያ ሰዓታት ከሞቱት 15 ሰዎች ውስጥ ሐኪሞቹ ከፕላዝማው ጋር ሊያያዝ ይችላል ያሉት የ4ቱን ሞት ነው። ወንድሜ የሞተው በአምስተኛው ቀን ነው። ፕላዝማውን በወሰደባት ሌሊትም ትንፋሹ እንዳልባሰበት ባለቤቱ ነግራኛለች።

እዚህ ላይ ስደርስ እፎይ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሌላ ነገር አነበብኩ። ዶክተር ሃን እኔ “ፈርሚ” ባልኩበት ዕለት፣ እዚያ አገር ሲመሽ፣ የተናገሩት ቁጥር ስህተት እንደነበረ አምነው ነበር። 35 ያሉት ከመቶ ሕሙማን የሚተርፉትን ሳይሆን ሁለት ቡድኖች ሲወዳደሩ የታየውን ልዩነት ነበር። ብዙ ፀረ እንግዳ አካል ያለበትን ፕላዝማ ከወሰዱት በሳምንት ውስጥ ከ100 ወደ 9 ሲሞቱ፣ ጥቂት ያለበትን ከወሰዱት ወደ 14 ሞተዋል። ልዩነቱ 5 ሰው ነው። ምንም ፕላዝማ ያልወሰደ ቡድን ደግሞ በንጽጽሩ ውስጥ አልነበረም። ማስተካከያው ለእኔ የደረሰኝ ወንድሜ ከተቀበረ ከወራት በኋላ ነው።

እውነተኛው ፍርድ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ሪከቨሪ በተባለው ጥናት 11,558 የሆስፒታል ሕሙማን በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ፕላዝማ ወሰዱ፤ ግማሾቹ አልወሰዱም። በ28 ቀን ውስጥ ከዚህም ከዚያም ከ100 የሞቱት 24 ናቸው። ልዩነት የለም። ኤቦላ በያዘው በጊኒም በ2015 ተሞክሮ ፕላዝማው ከባድ ጉዳት ባያስከትልም ሕይወት ማትረፉ አልተረጋገጠም። በሌላ በኩል በአርጀንቲና 160 አረጋውያን ላይ በተደረገ ጥናት፣ ምልክት ከታየ በ3 ቀን ውስጥ የወሰዱት በጽኑ የመታመም ዕድላቸው በግማሽ ያህል ቀንሷል። ማዳበሪያ የሚጠቅመው በዘር ጊዜ እንጂ በአጨዳ አይደለም። ወንድሜ ግን ከረጢቱ ሲሰቀልለት ሆስፒታል ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ቀላል ሕመም ላላቸው እንዳይሰጥ፣ ለጽኑ ሕሙማን ደግሞ በጥናት ውስጥ ብቻ እንዲሰጥ መክሯል።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። “እማዬ፣ ደሙ የገደለው አይመስለኝም። ያዳነውም አልነበረም። እኔም ‘ይስጡት’ ስል አውቄ አልነበረም፤ ደንግጬ ነው” አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ “ደሙን የሰጠው ሰውዬስ?” ብላ ጠየቀችኝ። አላውቀውም አልኳት። “እሱ እንኳ ልጄ ይድን ብሎ ነው የሰጠው። እግዜር ይስጠው” አለች። ስለ እኔ ምንም አላለችም። ቡናው ሲፈላ ግን የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ ቀዳችልኝ።

አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ስልክ በሌሊት አይደወልብህ። ከተደወለ ግን “ይጎዳዋል ወይ?” ብለህ ብቻ አትዝጋ፤ እኔ እሱንም አልጠየቅሁም። “ይጠቅመዋል ወይ? ካልወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ጊዜውስ አላለፈም ወይ?” ብለህ ጠይቅ። ሐኪሙ “ገና አልታወቀም” ቢልህ አትናደድበት። በዚያች ሌሊት እውነቱ ያ ነበር፤ እኔም ለምራቴ እሱን ብነግራት ኖሮ፣ ምናልባት ያው ትፈርም ነበር፤ ግን ሁለታችንም ምን ላይ እንደምትፈርም እናውቅ ነበር።