ክፍቷን ቮልስ ለምትነዳው ልጄ

ልጄ ሆይ፣ የላክኸውን የቮልስህን ፎቶ እናትህ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታ ጨርሳለች። ያ ዝገት የበላው ቆርቆሮ እንዲህ ሆኖ መነሣቱ እኔንም ደስ አሰኝቶኛል፤ አልደብቅህም። ለእህትህ ሠርግ፣ በጥር፣ ሸራዋን ገልጠህ ፍኖተ ሰላም ድረስ ልትነዳት ማሰብህን ስሰማ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የአባት ነገር ነውና ታገሠኝ።

አሮጌውን ማዳንህን ወድጄልሃለሁ። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ታግዷል። እንዲህ ባለ ዘመን በእጅ ያለውን መጠገን ብልህነት ነው። ዕቃውን ከሱማሌ ተራ አንድ በአንድ እየለቀምህ፣ ደመወዝህ በደረሰ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየሠራህ እዚህ አድርሰሃታል። እንዲሁ ቀጥል። ሠርጉ ደረሰ ብለህ ለወንበሩ ቆዳና ለቀለሙ ስትል ከሰው ገንዘብ እንዳትበደር አደራ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እንዲህ ያለው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወለሏ ነው። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1980 ክፍት ቮልስ ይሠራ ነበር። ጣሪያውን አንሥቶ ብቻ አልተወውም፤ ጣሪያው ይሸከም የነበረውን ጫና የሚችል ብረት ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ እየጨመረ አጠነከረው። አንዳንድ ሰው ግን ደህናውን ቮልስ ጣሪያውን ቆርጦ ክፍት ነው ብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለው መኪና ኮረኮንች መንገድ ላይ ወገቡ ይለምጣል፣ በሩም አልገጥም ይላል። ያንተዋ ከየትኛው ናት? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ላሜሪስቱን አስወርደህ ከሥር አሳየው። ሰውም እንደዚሁ ነው ልጄ። ሁሉ የሚያየው ሰው ከሥሩ የጠነከረ መሆን አለበት፤ በክፍት መኪና የተቀመጠ ደግሞ ፊቱም፣ ንግግሩም፣ አጠገቡ ያለውም ሁሉ ይታያል።

ዓባይን አትናቀው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያ ቁልቁለት ስንቱን ከባድ መኪና አስቀርቷል። የአሮጌ ቮልስ ፍሬን ከበሮ ነው፤ ሲረገጥ ከዋለ ይግልና መያዝ ይተዋል። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝልህ። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ደግሞ ፈተናው የሞተሩ ነው። ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ከተበጠሰ ሞተሩ ይቃጠላል። ትርፍ ቺንጋ ሳትይዝ ከአዲስ አበባ አትውጣ። ከኋላህ የሚመጣው ጥሩንባውን ቢያንባርቅብህ ዳር ይዘህ አሳልፈው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

አሁን ደግሞ ስለ ክፍት መኪና ሳስብ የማይወጣልኝን ነገር ልንገርህ። ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ከዚያ ወደ በላያ ሲጓዙ የጭነት መኪናዎቹ በቁጥቋጦውና በድንጋዩ እየተረቱ ቀሩ፤ ስንቅና ጥይት የተሸከሙት ግመሎችም በሺህ እየተቆጠሩ አለቁ። ጣሊያን ቡሬን ከለቀቀ በኋላ ንጉሡ ቡሬ ገብተው ሰነበቱ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። ያን ቀን በክፍት መኪና ሆነው ሕዝቡ እያየ ነበር የገቡት። ያን ክብር ያገኙት ይህ የኛ አገር እሾህና ተራራ ከፈተናቸው በኋላ ነው። ከ33 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ከቤተ መንግሥት አውጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ሲወስዷቸው የተጫኑት በቮልስ ነው። እንዳንተዋ ባለች ትንሽ መኪና፣ ከኋላ ወንበር ላይ። ይህን የምነግርህ ላስፈራህ አይደለም። መኪና ሰውን እንደማያከብር፣ እንደማያዋርድም እንድታውቅልኝ ነው። ጃንሆይ በሁለቱም ቀን ያው ሰው ነበሩ፤ የተለወጠው የሚያያቸው ሰው ነው። ስለዚህ በጂጋ መንገድ ልጆች ሮጠው ቢከተሉህና ቢያጨበጭቡልህ ልብህ አይነሣ፤ አንዱ ቢያንጓጥጥህም ልብህ አይውደቅ።

አገሩንም አስብ። በነሐሴ 2015 በከተማችን በፍኖተ ሰላም ከአየር በደረሰው ጥቃት ስንት ሰው እንደሞተ ታውቃለህ፤ ሐዘኑ ያልወጣለት ቤት ዛሬም አለ። ሠርግ ሠርግ ነው፣ እንዘፍናለን፣ እንጨፍራለን፤ ነገር ግን በለቅሶ ቤት በር ጥሩንባ እየነፉ ማለፍ ቤታችን የማያውቀው ነውር ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ሙዚቃውን ዝጋ። ሽማግሌ ስታገኝ አቁመህ ውረድ፣ ተሳለም፤ ከመሪው ላይ ሆኖ እጅ ማወዛወዝ ሰላምታ አይደለም። በርበሬዋን ተሸክማ ከገበያ የምትመለስ እናት ካየህም ከነጭነቷ አሳፍራት። ቀለሙ ቢጫር ይቀባል።

መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ካልተመቸ አንተ በአውቶቡስ ና፤ መኪናዋ ለሌላ ጊዜ ትቆይ። እህትህ የምትፈልገው አንተን ነው፤ በሌላ መኪናም ቢሆን በደስታ ትዳራለች። ከመጣህ ግን ጎሃ ጽዮን ስትደርስ ደውልልኝ፣ ደጀን ወጥተህም ደውልልኝ። ላሜሪስቱ ከሥር አይቶ ያለህንም ሳትደብቅ ንገረኝ።

አባትህ